ጨው የጨመረው ማን ነው?

ሽንኩርቱ ማረር የጀመረው ሾፌሩ ፍልጥ ሊያመጣ ጓሮ ብቅ ባለበት ቅጽበት ነው። ሽታው በሩ ላይ ተቀበለው። ያቀፈውን ፍልጥ ወለሉ ላይ ዘረገፈና ሮጦ ድስቱን በሁለት እጁ አፈፍ አድርጎ፣ ከጭስ ማውጫው ቱቦ ሥር ወደ ምድጃው ጥግ ገፋው። ጨርቅ መያዝ እንደነበረበት ትዝ ያለው ከገፋው በኋላ ነው።

“ወይ እናቴ!” አለና ጣቶቹን አፉ ውስጥ ከተተ።

ከምድጃው ትንሽ ፈንጠር ብሎ፣ መስኮቱ ሥር ባለው ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን በብርድ ልብስ ሸፍነው የተቀመጡት አማቱ ቀና ብለው አዩት። ድሮ ቢሆን ለእንዲህ ያለ ትዕይንት የሚሆን ቃል አያጡም ነበር። አሁን ግን ዝም ብለው አዩትና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

“ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፣ እማማ” አላቸው። እውነቱን ነበር።

ሰፈርተኛው እስካሁን ሾፌሩ ይበለው እንጂ መሪ ከጨበጠ ቆይቷል። የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ዓይኑ በምሽት የመጪ መኪና መብራት መቋቋም ሲያቅተው፣ “ሰው ጭኜ ገደል ከምገባ” ብሎ በገዛ ፈቃዱ ቁልፉን አስረከበ። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ ሆስፒታል ውላ፣ አንዳንዴም አድራ ትመጣለች፤ ነርስ ናት። እሱ ደግሞ እናቷን ያስታምማል፣ ያበስላል፣ ያጥባል። ሰፈሩ መጀመሪያ ሳቀበት፣ ኋላ ለመደው። እሱ ራሱ ግን ከሰፈሩ ቀድሞ ለምዶት ነበር።

በዚህ ሳምንት የመጣው ጣጣ መብራት ነው። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ሰኞ ማለዳ ጮኾ ተቃጠለ፤ ከዚያ ወዲህ “ዛሬ ይሠራል፣ ነገ ይሠራል” ከማለት ያለፈ ነገር የለም። ወጥ ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ የዕቃ መደርደሪያ ሆነ። ቤቱ ግን አንድ ጸጋ ነበረው፤ ሳሎን ውስጥ የቆመው የማገዶ ምድጃ። ቤቱን የሠሩት ሰዎች ለብርድ ወራት ብለው የተከሉት፣ አራት እግር ያለው፣ ሆዱ ማገዶ የሚበላ፣ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ ጥቁር ብረት ነው። እስከዚህ ሳምንት ድረስ ቤት ከማሞቅ ሌላ ሥራ ተሰጥቶት አያውቅም። ቢበዛ ካልሲ ይደርቅበት ነበር።

ጸባዩም ለብቻው ነው። ቁልፍ የለውም። እሳቱን ልቀንስ፣ ልጨምር ቢሉት አይሰማም፤ መንቀሳቀስ ያለበት ድስቱ ነው። ቶሎ እንዲፈላ ወደ ቱቦው ሥር፣ ቀስ ብሎ እንዲንተከተክ ወደ መሀል፣ ሳይቀዘቅዝ እንዲቆይ ወደ ፊት ለፊቱ ጥግ ይገፋል። ይህን እስኪያውቅ ሾፌሩ ሰኞ ሩዝ አሳርሯል፣ ማክሰኞ ጥሬ ድንች አብልቷል። ረቡዕ ግን ገባው። “ለካ ማርሽ ነው!” ብሎ ብቻውን ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ጣመው። አንድ እሳት ቤቱን ያሞቃል፣ የአማቱን መታጠቢያ ውሃ ያፈላል፣ ምሳ ያበስላል። ደግሞም ከወጥ ቤት እየተመላለሰ “እማማ፣ ደህና ነዎት?” ማለት ቀረለት። እሳቸውም፣ እሱም፣ ድስቱም አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ጠዋት ጠዋት እሳቱን ሲያያይዝ “ተመስገን” ይል ነበር፤ ሰፈሩ ሙሉ መብራት ኃይልን እየረገመ እሱ ማመስገኑ በሰው ፊት የሚነገር አልነበረም እንጂ።

ዛሬ ግን ምስጋናው አልመጣለትም። ቅዳሜ ነው፤ የሚስቱ ታላቅ እህት እናቷን ወደ ቤቷ ልትወስድ የምትመጣበት ቀን።

ጠዋት ሚስቱ ጫማዋን እያሰረች፣ “ለምሳ ሰዓት አስፈቅጄ ከእሷ ጋር እመጣለሁ” ብላው ነበር። “ሻንጣው ዝግጁ ነው። መድኃኒቷን ከላይ አድርጌዋለሁ።”

“አንቺ ይሂዱ ትያለሽ?”

“እኔ ምን እላለሁ? እዚያ ጄኔሬተር አለ፣ ሊፍት አለ፣ የምትጠብቃት ሴት ተቀጥራለች። እዚህ ምን አለ? ጭስ።” ያለችው ነገር ራሷን ሳይከፋት አልቀረም፤ እጁን ያዘችው። “አንተ ጎድለህባት አይደለም እኮ።”

“እሳቸውስ ምን አሉ?”

“ምን ትላለች? ‘እንዳላችሁ’ አለች።”

ሾፌሩ ይህችን ቃል ጠላት። እኚህ ሴት በዕድሜያቸው “እንዳላችሁ” ብለው የሚያውቁ ሰው አይደሉም። ልጁ ስትወለድ “አራሷን ለአንድ ወር ልጠይቅ” ብለው መጥተው፣ በዚያው ቤቱን ይዘውት የቀሩ ናቸው። ሚስቱ አዳር ስትገባ፣ እሱ መንገድ ሲወጣ፣ ያችን ልጅ አቅፈው፣ ቆጥተው፣ አስጠንተው ዩኒቨርሲቲ ያደረሷት እሳቸው ናቸው። እሱ ከመንገድ በየትኛውም ሰዓት ቢመለስ በሳህን ላይ ሳህን የተደፋበት ምግብ ይጠብቀዋል። ተነሥተው ያሞቁለትና ከፊቱ ቆመው፣ “ጉረስ እንጂ! መንገዱን ነው እንዴ የምታኝከው?” ይሉታል። እናቱን በልጅነቱ ያጣው ሰውዬ አቀርቅሮ ይበላል። አመስግኗቸው አያውቅም። ምን ብሎ ይጀምረዋል? ቀኑ አለፈ፣ ዓመቱም አለፈ።

ከዚያ ክረምት ላይ ደም ግፊታቸው ወጥቶ ጣላቸው። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ደከመ፣ ንግግራቸውም ተጎተተ። ሐኪሞቹ “ከተንቀሳቀሱ ይሄዳሉ” አሉ። መጀመሪያ ሞከሩ፤ ኋላ ተዉት። ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሁሉ “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ሲላቸው፣ አንድ ቀን በዚያው በሚጎተት አንደበታቸው፣ “እንቁላሉ ይሂድ። እኔን ተዉኝ” ብለው ዘጉት። ከዚያ ወዲህ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ የሚሄዱት በሾፌሩ ትከሻ ነው። እግራቸውም አንደበታቸውም ተቀመጠ። የአማቱ ስድብ ከቤቱ ሲጠፋ ግን ከሁሉም ይልቅ የጎደለበት እሱ ነበር።

ዛሬ የሚሠራውን ምሳ ግን ሊያስቀራቸው ብሎ እንዳልሆነ ለራሱ ነግሮታል። ልጅ እያለች አማች ምን አፍ አለው? ደህና ነገር በልተው ይሂዱ ብሎ ብቻ ነው። ይህን ብሎ ግን ከሥጋ ቤቱ ምርጥ ቅልጥም አስመርጧል፣ ሊጥ በማለዳ አቡክቷል፣ ወለሉንም ሁለቴ ወልውሏል። እንግዲህ ሰው ለራሱም ይዋሻል።

ያረረውን ሽንኩርት ደፍቶ እንደገና ጀመረ። ሽንኩርቱ ሲቀላ አጥንቱን ከነሥጋው ጨመረ፣ ውሃ ሞላበት፣ ድስቱን ወደ ቱቦው ሥር አስጠጋ። ሲፈላ ወደ መሀል መለሰው። ሚስቱ በየቀኑ እንደምታስጠነቅቀው ጨው በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ብቻ ነሰነሰ፤ ለግፊት ጨው ጠላት ነው። ከዚያ ሊጡን ክዳን ባለው መጥበሻ ውስጥ ዘርግቶ፣ ከሥሩ እንዳያር ሦስት ጠፍጣፋ ብረት አድርጎ ምድጃው ላይ አስቀመጠው። ብረቶቹ የጎረቤቱ የበያጁ ስጦታ ናቸው።

ስሙን ሲያነሡት በያጁ ራሱ ማንቆርቆሪያ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ወጣት ነው፣ ብቻውን ይኖራል። መብራት ከጠፋ ወዲህ ሥራ ስለፈታ ቀኑን የሚያሳልፈው ከዚህ ቤት በመግባትና በመውጣት ነው።

“ጋሼ፣ ቦታ አለ?”

“ጥጉ ላይ አድርጋት። ቱቦው ሥር የእኔ ነው።”

“ገና ኪራይ ትጠይቀኛለህ።” ማንቆርቆሪያውን ጣደና ድምፁን ዝቅ አደረገ። አማትየው ዓይናቸውን ከድነው ነበር። “ዛሬ ነው የሚሄዱት?”

“ዛሬ ነው።”

“አንተስ ዝም ልትል ነው?”

“ምን ልበል? እሷ ልጃቸው ናት። እኔ አማች ነኝ፣ ባዳ ነኝ።”

“እሱስ ልክ ነህ” አለ በያጁ፣ የተደፋውን ሽንኩርት እያየ። “ግን ባዳ ለአማቱ ብሎ እንዲህ ሲቃጠል አላየሁም።”

ሾፌሩ ሳይወድ ሳቀ። ካሮትና ድንች ሊያጥብ ወጥ ቤት ገባ። ሲመለስ በያጁ አፉን በእጁ ጀርባ እየጠረገ፣ “ቆንጆ ነው፣ ቆንጆ ነው” አለ። አትክልቱን ጨምረው ድስቱን ከደኑትና ሁለቱም ጓሮ ወጡ። እዚያ አንድ ዓይን የበዛበት ግንድ አለ፤ ሾፌሩ ለብቻው መፍለጥ አቅቶት ሦስት ቀን ዙሪያውን የዞረው። በያጁ መጥረቢያውን ተቀበለ። ግንዱም ቀላል አልነበረም፤ ሁለቱም ላብ በላብ ሆኑ።

ሲመለሱ አማትየው እንደነበሩት ወንበራቸው ላይ ናቸው። ብርድ ልብሱ ግን መሬት ወድቋል።

“ወደቀብዎ፣ እማማ?” ሾፌሩ አንሥቶ ጉልበታቸው ላይ መለሰላቸው። ትንፋሻቸው የወትሮው አልመስል ብሎት ግንባራቸውን በእጁ ጀርባ ዳሰሰ። “አሞዎታል እንዴ?”

“ደህና ነኝ” አሉ፣ መስኮቱን እያዩ።

ብዙም ሳይቆይ መኪና ቆመ። ሁለቱ እህትማማቾች ገቡ፤ ታላቂቱ ከፊት፣ ነርሷ ከኋላ። ታላቂቱ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ናት፤ የምታዝዘው ብዙ ሰው ስላለ ድምፅዋ ቤት ውስጥም አይቀንስም። ልቧ ግን ደግ ነው፤ ገና በሩን ሳታልፍ ዓይኗ እንባ ሞላ። እናቷን አቅፋ ጉንጫቸውን፣ ግንባራቸውን፣ የደከመውን እጃቸውን ሳመች። ከዚያ ቀና ብላ ክፍሉን አየች፤ ፍልጡን፣ ጥቁሩን ቱቦ፣ የሚንፈቀፈቀውን ድስት።

“እዚህ ምድጃ ሥር ነው እንዴ የምትውለው?”

“ሳሎን ነው የሚውሉት፣ እህት ዓለም። ምድጃውም ሳሎን ነው የሚውለው” አለ ሾፌሩ።

“ቀልዱን ተወው። ጭሱስ?” አለችና አየሩን አሸተተች። ጭስ አልነበረም፤ የቅልጥምና የትኩስ ዳቦ ሽታ ነበር። “ምንድን ነው እሱ?”

“ምሳ ነዋ። ሳትበሉ አትሄዱም።”

“ኧረ ጊዜ የለንም! ሴትየዋ እየጠበቀችን ነው፣ አልጋውም…”

“እንብላ” አሉ እናትየው።

አንዲት ቃል ናት። ግን ከእሳቸው ከወጣች ቆይታለችና ሁሉም ወንበር ሳቡ። ጠረጴዛውን ወደ ምድጃው አስጠግተው፣ ሾፌሩ አማቱን ደግፎ አምጥቶ በመካከላቸው አስቀመጣቸው። በያጁ “እኔ ልሂድ” እያለ ተቀመጠ። ዳቦው ባንድ ጎኑ ወርቅ፣ በሌላው ጎኑ ከሰል ሆኖ ወጣ፤ ሾፌሩ ወርቁን ወደ ዋርሳው አዙሮ አቀረበው። የበያጁን ማንቆርቆሪያ ወደ ቱቦው ሥር ገፍቶ ሾርባውን ለየሰዉ ጨለፈ። ጭልፋውን ሳህን ላይ ገጭቶ ጠረጴዛው ላይ አንጠባጠበ፤ ለራሱም ገረመው። ሰው የጫነ አውቶቡስ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲያወርድ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ታላቂቱ የመጀመሪያውን ማንኪያ ጎረሰች። ቆመች። ዋጠችውና ውሃ ፈለገች።

ነርሷም ቀመሰች። “አንተ!” አለች። “ምን አድርገኸው ነው?”

“ምን ሆነ?”

“ቅመሰዋ!”

ቀመሰ። ምላሱ ተኮማተረ። “በሁለት ጣቴ ነው የጨመርኩት! እግዜር ያውቃል!”

“በሁለት ጣት? በአካፋ ነው እንጂ! ግፊት ላለባት ሰው!”

ታላቂቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። “አየሽ?” አለቻት እህቷን በቀስታ። “እኔ እሱን ክፉ ነው አላልኩም። ግን ፍቅር ብቻውን አያስታምምም።”

ሾፌሩ የተዘጋጀውን ሻንጣ አየ። ነገሩ አልቋል፤ ሻንጣውን ራሱ ተሸክሞ መኪናው ውስጥ ያስገባል፣ በሩን ይዘጋል፣ እጁን ያውለበልባል። ይህን እያሰበ ሳለ በያጁ ጉሮሮውን ጠረገ።

“እኔ… ትንሽ ቆንጥሬ ነበር።”

“ምን?”

“አልጫ ሆነብኝ! ጋሼ ወጥ ቤት ሲገባ ቀመስኩ፣ ከዚያ ትንሽ…”

“አንተን ማን ቅመስ አለህ?” አለች ነርሷ።

“ድስቱ ሳሎን ተቀምጧል እኮ! ወጥ ቤት ቢሆን እገባ ነበር? ፊቴ እየፈላ፣ እየሸተተኝ፣ እንጨት ነኝ እንዴ?”

ነርሷ እንደገና ቀመሰች። “አይሆንም። የሁለት ሰው ቁንጥር እንዲህ አያደርግም። ይሄ እፍኝ ነው።”

ተያዩ። “በእኔ እንዳታላክኩ፣ አሁን መድረሴ ነው” አለች ታላቂቱ።

“እኔ ነኝ” አሉ እናትየው።

የበያጁ ማንቆርቆሪያ ማፏጨት ጀመረ።

“ምን አልሽ፣ እማዬ?”

“ጨው። የጨመርኩት እኔ ነኝ።”

ነርሷ የጨው ዕቃውን አየች። ከምድጃው ወዲያ፣ ግድግዳው ላይ ባለው መደርደሪያ ነው። ከመስኮቱ ሥር ወንበር እዚያ ድረስ ክፍሉን ማቋረጥ ይጠይቃል። “ማን አቀበለሽ?”

“ማንም።”

“ታዲያ እንዴት ደረስሽ?”

“በእግሬ ነዋ” አሉ፣ ጥያቄው የሰነፍ ጥያቄ እንደሆነ ሁሉ።

ሾፌሩ ያን የወደቀ ብርድ ልብስ፣ ያን ፈጣን ትንፋሽ አስታወሰ። ከመስኮቱ እስከ መደርደሪያው ያለውን ወለል በዓይኑ ለካ። ሚስቱ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ስንት ቀን “እማዬ፣ አንዴ ብቻ ቁሚልኝ” ብላ ለምናለች!

በመጀመሪያ የነቃችው ታላቂቱ ናት፤ ደንግጣ ነው የነቃችው። “ብቻሽን? እሳት አጠገብ? ብትወድቂስ? ፊትሽ እዚያ ብረት ላይ ቢያርፍስ?” ወደ ሾፌሩ ዞረች። “አንተስ የት ነበርክ?”

“ጓሮ። እንጨት እየፈለጥኩ።” አቀረቀረ። “እውነትሽን ነው። ትቻቸው መውጣት አልነበረብኝም። ጥፋቱ የእኔ…”

“ዝም በል አንተ!” አሉ አማቱ።

ዝም አለ። ቁጣው እንደ ሙቅ ውሃ ነው ሰውነቱ ውስጥ የወረደው።

እናትየው ቃላቸውን አንድ በአንድ እየጎተቱ ቀጠሉ። “የእሱ ምግብ… አልጫ ነው። ሁልጊዜ። መቅመስ አያስፈልገኝም። ወጥ ቤት ሲሠራ አላየውም ነበር፤ በላሁ፣ ዝም አልኩ። ይሄን ሳምንት ግን ፊቴ ነው። ፊቴ ሽንኩርት ያሳርራል። ፊቴ ድንች ጥሬውን ያወጣል።” አረፍ አሉ። “ስንት ቀን ልቻል?”

በያጁ ሳቁን መያዝ አቅቶት በዳቦው አፉን ሸፈነ።

“እጄ ነው እንጂ” አሉ፣ ግራ እጃቸውን እየተመለከቱ። “ትንሽ ስለው… ብዙ አፈሰሰ።”

ነርሷ እየሳቀች አለቀሰች፣ ወይም እያለቀሰች ሳቀች። “እኔ ቁሚ ስልሽ ግን እምቢ!”

“ቆሜ የት ልሂድ? የሚሠራ ነገር መች አሳየሽኝ?”

ታላቂቱ ወንበሯን ወደ እናቷ አስጠጋች። ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀነሰ። “እማዬ፣ እኔ ጋ ሁሉም ነገር አለ። አልጋው ራሱ ነው ቀና የሚያደርግሽ። ምንም ነገር መንካት የለብሽም።”

“እሱን ነው የምፈራው።” እናትየው የልጃቸውን እጅ በደህናው እጃቸው ያዙ። “ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ…” ብለው ጀመሩና ትንፋሽ አጠራቸው።

ተረቱን የማያውቅ በዚያ ጠረጴዛ አልነበረም። የቀረውን ታላቂቱ ሞላችው። “ያለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል።” ከዚያ የተናገረችው ጆሮዋ ደረሰ። “እማዬ! እኔ ልጥልሽ ነው የመጣሁት?”

“አይደለም፣ ልጄ። ልታሳርፊኝ ነው የመጣሽ። ይባርክሽ። ግን ለእረፍቱ ገና ነኝ።”

ታላቂቱ የእናቷን እጅ ሳመች።  ከዚያም ተነሣች። የበያጁን ማንቆርቆሪያ በመጎናጸፊያዋ ጫፍ ይዛ አነሣችና የፈላውን ውሃ ድስቱ ውስጥ ገለበጠችው።

“የሻይ ውሃዬ!” አለ በያጁ።

“ያበላሸኸውን ነው የምናስተካክለው። ድንች አለ?” ሾፌሩን ጠየቀችው። “ጨው ድንች ይመጠዋል። ላጥልኝ።”

ላጠላት። ድስቱ እንደገና ቱቦው ሥር ሄደ፣ ፈላ፣ ወደ መሀል ተመለሰ። ሾርባው ከቀጠነ በኋላም ጨው ጨው ይል ነበር፤ ነርሷ የእናቷን ሳህን ከሌላው ይልቅ አቀጠነችው። ግን በሉ። ታላቂቱ ሁለቴ አስጨመረች፣ ያረረውንም ጎን ዳቦ በላች። እየበላችም ማዘዝ ጀመረች፤ ምድጃው ዙሪያ የብረት አጥር ይሠራለት፣ ከመስኮቱ እስከ መደርደሪያው ግድግዳው ላይ በእጅ የሚያዝ፣ የማይሞቅ መደገፊያ ይኑር፣ ብረቱን እኔ እገዛለሁ።

“ለመቼ ይደርሳል?” ብላ በያጁን አፈጠጠችበት።

“መብራት ሲመጣ ነዋ! ያለ መብራት በምን ልበይደው? በክብሪት?”

ያኔ ሁሉም ሳቁ፤ እናትየውም ጭምር፣ በአንድ በኩል በተንጋደደው ከንፈራቸው። ሾፌሩ አጥሩ እስኪሠራ ድረስ እሳት እየነደደ ከክፍሉ ላይወጣ ማለ።

ታላቂቱ ስትሄድ ሻንጣው ባለበት ቀረ። መኪናዋ በር ላይ ታላቂቱ ሾፌሩን ዞራ አየችው፤ ቃል እንደቸገራት ያስታውቃል። “አመሰግናለሁ” አለች።

“ለምኑ?”

“ለአልጫው።”

መኪናው ከታጠፈ በኋላም እዚያው ቆሞ ቀረ። ከዚያ ገብቶ አማቱ እግር ሥር ተንበረከከና ምድጃው ላይ የሞቀውን ካልሲያቸውን ያጠልቅላቸው ጀመር። ሳያቅድ፣ ሳያሰላስል፣ የእነዚያ ሁሉ ዓመታት ነገር ከአፉ ወጣ።

“እማማ፣ ስላበሉኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ።”

አማቱ ቁልቁል አዩት። ዓይናቸው ረጠበ፤ አንደበታቸው ግን አልሸነፍ አለ። “ካልሲውን… ገልብጠኸዋል” አሉት።

በማግስቱም መብራት አልመጣም። ነርሷ ሥራ ከመሄዷ በፊት በትንሽ ሳህን ጨው ለክታ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠች። “የቀኑ ይቺ ናት፣ እማዬ። ዕቃውን ቆልፌበታለሁ።” እናትየው “ሐኪም መጣች” ብለው አፋቸውን አጣመሙ።

ሾፌሩ የሚበቃውን ፍልጥ አስቀድሞ አስገብቶ ከምረው። ሽንኩርቱን ሳያሳርር አቀላ፤ ምስሩን ጨመረ፤ ድስቱን መሀል ላይ አደረገ። ጨው አልነካም። ዱካ አምጥቶ ከምድጃው አጠገብ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠና ድንች መላጥ ያዘ።

ምስሩ መንተክተክ ጀመረ። ከኋላው ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማ። ብርድ ልብሱ ሲወርድ ሰማ። እጅ የጠረጴዛውን ጠርዝ ሲጨብጥ፣ አንድ እግር ሲረግጥ፣ ሌላው ወለሉን እየጠረገ ሲከተል ሰማ። መላ አካሉ “ተነሥ፣ ያዛቸው!” አለው። ቢላዋውን አስቀመጠ፤ መልሶ አነሣው። ዱካውን ብቻ ሳይዞር ወደ እሳቸው መንገድ ትንሽ ሳበው፣ እጁን ቢዘረጋ በሚደርስበት ያህል፤ ከዚያም ድንቹን መላጡን ቀጠለ።